ያገለገለ ባለ ሦስት መቀመጫ ጄት ስኪ ይገዛ ወይስ ይቅር?

በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር የእንግዳ ማረፊያ ያቋቋሙ ነጋዴዎች ከእንግዶቻቸው ደጋግመው የሚሰሙት አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም በውሃው ላይ የሚጋለብ ጄት ስኪ አላችሁ ወይ የሚል ነው። የለንም ያለ ባለቤት እንግዳው ወደ ጎረቤቱ ሲሄድ ያያል። አለን ለማለት የፈለገው ደግሞ አዲሱን በውጭ ምንዛሪ መግዛት ስለሚከብደው ዓይኑን በዱባይና በሻርጃ ወዳለው ያገለገለ ዕቃ ገበያ ይጥላል። እዚያም በፎቶግራፍ ሲታይ እንደ አዲስ የሚያብለጨልጭ፣ ዋጋው ግን ከአዲሱ እጅግ የቀነሰ ባለ ሦስት መቀመጫ መሣሪያ ያገኛል። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ጄት ስኪ የሚለው ስም በመሠረቱ የአንድ ፋብሪካ የንግድ ምልክት ነው። የጃፓኑ ካዋሳኪ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1973 ለገበያ ያቀረበው ዐይነት አንድ ሰው ብቻ ቆሞ የሚነዳው ነበር። ያማሃ በ1986 ዌቭ ራነር የተባለውን፣ ተቀምጠው የሚነዱትንና ሁለት ሰው የሚይዘውን ካወጣ፣ የካናዳው ቦምባርዲየርም በ1988 ሲ-ዱ የተባለውን እንደ ገና ለገበያ ካቀረበ በኋላ መሣሪያው የጎረምሳ መጫወቻ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የቤተ ሰብ መዝናኛ ሆነ። ከሞተር ጀልባ የሚለየው በውጭ የሚሽከረከር ፕሮፔለር የሌለው በመሆኑ ነው። ከሆዱ ሥር ባለው ወንፊት በኩል ውሃ ይስባል፤ በውስጡ ያለው ኢምፔለርም ያንኑ ውሃ በኋላው አፍ በኀይል ይተፋዋል፤ የሚሄደውም የሚታጠፈውም በዚሁ በሚተፋው ውሃ ጉልበት ነው። ከዚህ የተነሣ ሁለት ነገሮች ይከተላሉ። የሚስበው ውሃ ምን ዐይነት መሆኑ ለመሣሪያው ዕድሜ ወሳኝ ነው፤ እንዲሁም ነጂው ደንግጦ ነዳጅ መስጫውን የለቀቀ እንደሆነ መሪው አይታዘዝለትም።

ባለ ሦስት መቀመጫ የሚለው ቃል ራሱ ገዢውን ሲያሳስት ይገኛል። ወንበሩ ለሦስት ሰው ቢረዝምም ፋብሪካው የወሰነው ክብደት አለ፤ በተለመዱት ባለ ሦስት መቀመጫ ዐይነቶች ይህ ወሰን ከ240 እስከ 270 ኪሎ ግራም አካባቢ ሲሆን፣ ስፓርክ በተባለው ቀላሉ የሲ-ዱ ዐይነት ግን ባለ ሦስት መቀመጫው እንኳ ከ205 ኪሎ ግራም አያልፍም። እያንዳንዳቸው 80 ኪሎ የሚመዝኑ ሦስት ጎልማሶች የመጀመሪያውን ወሰን ዕቃ ሳይጨምሩ ሞሉት ማለት ነው። ከዚህም ሌላ መሣሪያው ሲቆም ወይም በዝግታ ሲሄድ ሦስት ሰው የጫነ እንደሆነ ወደ ጎን የመገልበጥ ጠባይ አለው። ስለዚህ ለንግድ ሥራ ሲታሰብ ሦስተኛው መቀመጫ ዋጋ የሚኖረው ሦስት እንግዳ ስለሚያስከፍል አይደለም፤ የማረፊያው የራሱ ነጂ ከፊት ተቀምጦ ሁለት እንግዶችን፣ ወይም አንዲት እናትን ከልጅዋ ጋር፣ ከኋላ ለመያዝ ስለሚያስችለው ነው። ይህን ያላሰበ ባለቤት መሣሪያውን ነድቶ ለማያውቅ እንግዳ ቁልፉን ያስረክባል፤ አደጋውም አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከዚሁ ነው።

በላንጋኖ ዳር ጥቂት ክፍሎች ያሉት ማረፊያ ያቋቋመ የአንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ጉዳይ ነገሩን በደንብ ያስረዳል። ነጋዴው ለማረፊያው ጄነሬተርና የውሃ ፓምፕ ብሎ ያስቀመጠው ገንዘብ ነበረው። በሥራው ሸሪክ የሆነው አማቹ ግን ገንዘቡ ለጄት ስኪ ይዋል በማለት ሁለት ፕሮፎርማዎች ከዱባይ አስመጣ። የመጀመሪያው መሣሪያ ሱፐርቻርጀር ያለውና ከ250 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው ሲሆን፣ ሰዓት ቆጣሪው 62 ሰዓት ብቻ ያሳያል። ሁለተኛው ሱፐርቻርጀር የሌለው ባለ አንድ ሊትር ተኩል ሞተር፣ 155 የፈረስ ጉልበት ያለው ነው፤ ቆጣሪው ግን 310 ሰዓት ያነባል። አማቹ አንድም ሳያመነታ ወደ መጀመሪያው አዘነበለ። በመኪና ገበያ የለመደ ሰው ሁሉ እንዲሁ ያደርግ ነበር።

ይሁን እንጂ የውሃ መሣሪያ እንደ መኪና አይቈጠርም። ለግል መዝናኛ የተገዛ ጄት ስኪ በአንድ ዓመት ውስጥ የሚሠራው በአብዛኛው ከ30 እስከ 50 ሰዓት ነው። ስምንት ዓመት ሆኖት 62 ሰዓት ብቻ የሠራ መሣሪያ እንግዲህ ብዙውን ጊዜ ቆሞ ነበር ማለት ነው፤ የቆመ ሞተር ደግሞ አልደከመም አይባልም። ቤንዚኑ በመርፌዎቹ ውስጥ ይደርቃል፤ ላስቲኮቹ ይሰነጠቃሉ፤ በጨው ውሃ ገብቶ በንጹሕ ውሃ ሳይታጠብ የቆመ እንደሆነም ዝገቱ ከውጭ በማይታይበት ስፍራ ሥራውን ይሠራል። በአንጻሩ 310 ሰዓት ሠርቶ በየጊዜው ዘይቱ ስለ መለወጡ ደረሰኝ ያለው ሞተር ከዚህ ይሻላል። በኪራይ ሥራ ላይ በደንብ የተያዙ፣ ሱፐርቻርጀር የሌላቸው ባለ አራት ምት ሞተሮች ከ1,000 ሰዓት በላይ ሲያገለግሉ ይታያሉ። ባለ ሁለት ምት የሆኑት የቀድሞዎቹ ግን ዋጋቸው ምንም ያህል ቢረክስ ለኪራይ ሥራ አይመከሩም።

ሱፐርቻርጀር ያለው መሣሪያ ሌላ ጣጣ አለው። አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ይህ ክፍል በተለይ በቀደሙት የሲ-ዱ ሞተሮች ላይ በየ100 ወይም በየ200 ሰዓቱ ተፈትቶ እንዲታደስ ፋብሪካው የሚያዝዝለት ነበር። ሳይታደስ ቀርቶ በሥራ ላይ የተሰበረ እንደሆነ ስብርባሪው ወደ ሞተሩ ዘይት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ወጪ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር ሊወዳደር ይችላል። ላንጋኖ ዳር ይህን የሚፈታ መካኒክ ማግኘት ቀላል አይደለም።

በዚህ ላይ የሐይቁን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ላንጋኖ ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,580 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ በባሕር ዳር 155 የፈረስ ጉልበት ያለው ተራ ሞተር ከመቶ 15 ያህሉን ያጣል። ይህ ለእሽቅድምድም ፈላጊ ያሳዝነው ይሆናል እንጂ ቤተ ሰብ ለሚያንሸራሽር ነጂ ከበቂ በላይ ነው። ዋናው ነገር ውሃው ነው። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ መልኩን ያገኘው በውስጡ ተንሳፎ ከሚኖር እጅግ ደቃቅ አፈር ነው። ዋናተኛ ቢልሃርዝያ የለበትም ሲባል እየሰማ በደስታ የሚገባበት ይህ ውሃ ለፓምፕ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ኢምፔለሩንና በዙሪያው ያለውን ቀለበት ቀስ በቀስ ይሞርዳል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በአዲስነቱ የሚሊሜትር ክፍልፋይ ብቻ ነው፤ ክፍተቱ እየሰፋ ሲሄድ ሞተሩ ይጮኻል፣ መሣሪያው ግን አይሄድም። በብዙዎቹ የሲ-ዱ ዐይነቶች ይህ ቀለበት በፕላስቲክ የተሠራ ስለሆነ በቀላሉ ይለወጣል። የሲ-ዱ ሞተር ሌላም ብልጫ አለው፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው እንደ መኪና በራሱ ውስጥ የሚዞር ፈሳሽ ሲሆን የሐይቁ ውሃ የሚደርሰው ወደ ጭስ መውጫው ነው። ያማሃና ካዋሳኪ ግን ሞተራቸውን የሚያቀዘቅዙት ከውጭ በሚስቡት ውሃ ነው፤ አሠራራቸው ቀላልና የታመነ ሆኖ ሳለ እንዲህ ባለው ደለላም ሐይቅ ውስጥ ከእያንዳንዱ የሥራ ቀን በኋላ የበለጠ እጥበት ይጠይቃሉ። በሐዋሳ የዓሣ አጥማጆች መረብ፣ በጣናም እምቦጭ የወንፊቱን አፍ ስለሚዘጉ በዚያ ያለው ነጋዴ የሚያስበው ሌላ ነው።

ነጋዴው እነዚህን ነገሮች ከአንድ የሞተር ዐዋቂ ተረድቶ፣ ለሁለቱም ሻጮች አንድ ዐይነት ደብዳቤ እንዲጻፍ አደረገ። በስልክ የተባለ ቃል ሲያስፈልግ አይገኝምና በጽሑፍ መጠየቁ ብልህነት ነበር። በደብዳቤው የተጠየቀው የሚከተለው ነው። የመሣሪያው መለያ ቁጥር በፎቶግራፍ ይላክ፤ ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩት ላይ ይህ ቁጥር በኋላው በኩል የተቀረጹ 12 ፊደላትና አኃዞች ያሉት ሲሆን የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የሞዴሉን ዓመት ስለሚያመለክቱ ሻጩ በአፉ ከሚናገረው ዓመት ጋር ማመሳከር ይቻላል። በስሙ የተመዘገበበት ወረቀትና ዕዳ የሌለበት ስለ መሆኑ ማስረጃ ይቅረብ። በገዢው ወጪ የሚላክ መካኒክ ሞተሩን ከኮምፒዩተር ጋር አገናኝቶ ትክክለኛውን የሥራ ሰዓትና የተመዘገቡትን ብልሽቶች እንዲያነብ ይፈቀድለት። በመጨረሻም መሣሪያው በባሕር ላይ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈተን።

የመጀመሪያው ሻጭ መልሱን በሦስት ቀን ላከ። ፎቶግራፎች ጨመረ፤ ዋጋም በጥቂቱ ቀነሰ፤ ኮምፒዩተሩን ስለ ማገናኘትና ስለ ፈተናው ግን አንድም ቃል አልጻፈም። ለሁለተኛ ጊዜ ሲጠየቅ ሌላ ገዢ እንደሚጠብቀው ገለጸ። ሁለተኛው ሻጭ ዘግይቶ መለሰ፤ ነገር ግን ሁሉንም ፈቀደ።

መካኒኩ በሁለተኛው መሣሪያ ላይ ያደረገው ምርመራ ለሌላውም ገዢ ስለሚጠቅም እዚህ ላይ ሰፋ አድርጎ መግለጽ ተገቢ ነው። አስቀድሞ ሞተሩ ቀዝቃዛ መሆኑን በእጁ ዳሶ አረጋገጠ፤ ሻጩ ቀድሞ ያሞቀው ሞተር የማስነሣት ችግሩን ይደብቃልና። ቀጥሎ የዘይቱን መለኪያ አውጥቶ ተመለከተ፤ ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ነጣ ያለ ቢሆን ኖሮ ውሃ ገብቶበታል ማለት ስለሆነ ነገሩ እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። ሦስቱን ካንዴላዎች ፈትቶ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕረሽን ለካ፤ በዚህ ጊዜ የሚፈለገው ሦስቱ መቀራረባቸው ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ከመቶ 10 በላይ ያነሰ እንደሆነ ጥርጣሬ ይገባል። ከዚያም መሣሪያውን በተሳቢው ላይ እንዳለ ከሥሩ ገብቶ ሆዱን መረመረ፤ በፋይበር ግላስ ላይ የተለጠፈና የተቀባ ስፍራ በእጅ ሲዳሰስና በጣት ሲንኳኳ ድምፁ ይለያል። በወንፊቱ በኩል በባትሪ እያበራ የኢምፔለሩን ጠርዝ አየ፤ የተጎረደና የተጣመመ ባያገኝም ቀለበቱ ከልክ በላይ ተበልቶ ክፍተቱ ሰፍቶ ነበር።

ሞተሩ በየብስ ላይ ሲሞከር ጥንቃቄ ያሻል። ውሃ ሳይሰጠው ከጥቂት ሴኮንዶች በላይ ቢሠራ የጭስ መውጫው ጎማዎችና የዘንጉ መዝጊያ ይቃጠላሉ። ውሃ በጎማ ሲሰጠውም ተራው እንዳይሳሳት ነው፤ መጀመሪያ ሞተሩ ይነሣል፣ ከዚያ ውሃው ይከፈታል፤ ሲጨረስም መጀመሪያ ውሃው ይዘጋል፣ ከዚያ ሞተሩ ይጠፋል። ይህ የተገለበጠ እንደሆነ ውሃ በጭስ መውጫው ዞሮ ወደ ሲሊንደሮቹ ይገባል። በማረፊያው ያለ ወጣት ሠራተኛ ሊረሳው የሚችለው ነገር ስለሆነ በማጠቢያው ስፍራ ላይ በትልቁ ተጽፎ ቢለጠፍ ይጠቅማል።

በባሕር ፈተናው የሁለተኛው መሣሪያ ሞተር ጤናማ መሆኑ ታወቀ። ከቆመበት ሲነሣ ግን ፓምፑ ውሃ እንደሚያመልጠው ታየ፤ ምክንያቱም ያው የተበላው ቀለበት ነው። ኮምፒዩተሩ ያነበበው ሰዓት 312 ነበር፤ ከተባለው ጋር ገጠመ። ሻጩም የቀለበቱን ዋጋና የመለወጫውን ኪራይ ከሒሳቡ ላይ ቀንሶ፣ ሁለት ትርፍ ቀለበቶች ጨምሮ ለመስጠት ተስማማ።

እስካሁን የተባለው ሁሉ የትኛው መሣሪያ ይሻላል ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሰጣል እንጂ ይገዛ ወይስ ይቅር የሚለውን አይመልስም። ለዚህ ነጋዴው የማረፊያውን የእንግዳ መዝገብ አስቀርቦ ክፍሎቹ የሞሉባቸውን የሳምንት መጨረሻዎች አስቈጠረ፤ በዓመት 26 ሆኑ። በእያንዳንዱ የሳምንት መጨረሻ መሣሪያው 6 ሰዓት ይከራያል ቢባል በዓመት 156 ሰዓት ይሠራል። በዝግታና በፍጥነት እያፈራረቀ ሲሄድ በሰዓት 25 ሊትር ቤንዚን ይፈጃል ተብሎ ቢታሰብ የዓመቱ 3,900 ሊትር ይደርሳል፤ ለአንድ የሳምንት መጨረሻ 150 ሊትር፣ ማለትም ከሰባት ጀሪካን በላይ ነው። ቤንዚን በጀሪካን መቅዳት በሚገደብበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለምና የፈቃዱ ጉዳይ ከግዢው በፊት ማለቅ ነበረበት። ሱፐርቻርጀር ያለው ግን ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻው ሲጨበጥ በሰዓት 70 ሊትር ገደማ የሚጠጣ ስለሆነ ከሒሳቡ ወጣ።

ሒሳቡ በምሳሌ ሲታይ እንዲህ ነው። መሣሪያው ከነማጓጓዣውና ከነቀረጡ ላንጋኖ እስኪደርስ 1,800,000 ብር ይፈጃል እንበል። ከአንድ ሰዓት ኪራይ 6,000 ብር ይገኛል፤ ግማሹ ለቤንዚን፣ ለነጂው ደመወዝ፣ ለዘይትና ለመለዋወጫ ይሄዳል ቢባል የሚተርፈው 3,000 ብር ነው። እንግዲህ ገንዘቡን ለመመለስ 600 የሥራ ሰዓት ያስፈልጋል። በዚህ ጊዜ የነጋዴው ትክክለኛ ጥያቄ ስንት ዓመት ይፈጃል የሚለው ሳይሆን በዚህ ሞተር ውስጥ 600 ሰዓት ቀርቷል ወይ የሚለው ሆነ። 312 ላይ 600 ሲጨመር 912 ይመጣል። በደንብ ከተያዘ ይደርሳል፤ ችላ ከተባለ አይደርስም። በዓመት 156 ሰዓት ብቻ ከሠራም አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው ገንዘቡ የሚመለሰው፤ እስከዚያም ጄነሬተሩና ፓምፑ ሳይገዙ ሊቆዩ ነው። አማቹ ይህን ሒሳብ ሲያይ ዝም አለ ይባላል።

የወረቀቱም ነገር ቀላል አልነበረም። ጄት ስኪ በጉምሩክ ታሪፍ የሚመደበው በአንቀጽ 89.03 ከመዝናኛና ከስፖርት ጀልባዎች ጋር እንጂ በምዕራፍ 87 ከተሽከርካሪዎች ጋር አይደለም። ይሁንና መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ፣ ስለ ቤንዚን ሞተርም ሆነ ስለ አገለገለ ዕቃ በግምት መሄድ አደገኛ ስለሆነ ነጋዴው ከጉምሩክ በጽሑፍ መልስ ሳያገኝ ቀብድ አልከፈለም። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉም፣ በፕሮፎርማው ቀን የታሰበው ብርና በክፍያው ቀን የሚጠየቀው ብር አንድ ላይሆን ይችላል። በሐይቁ ላይ ለማሠራትም የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣንንና የአካባቢውን አስተዳደር ማነጋገር ያስፈልጋል። ጭነቱ ከጄበል ዓሊ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚደርስ ሲሆን፣ ከመጫኑ በፊት የቤንዚን ታንኩ ባዶ እንዲሆንና ባትሪው እንዲነቀል በውሉ ላይ ተጽፏል።

ስለ ሰው ሕይወት የሚደረገው ጥንቃቄ ከሒሳቡ ውጭ መቅረት የለበትም። ላይፍ ጃኬት ለእያንዳንዱ ተሳፋሪ በልኩ፣ ለሕፃናትም ለብቻው መገዛት አለበት። ከነጂው እጅ ጋር የሚታሰረው ገመድ ነጂው ሲወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋ ስለሆነ ያለ እርሱ መነሣት ክልክል ይሁን። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ወደ ኋላ ወድቆ ፓምፑ በሚተፋው ውሃ ላይ ቢያርፍ በውስጥ አካሉ ላይ ከባድ ጉዳት ሊደርስበት እንደሚችል ፋብሪካዎቹ ራሳቸው በመሣሪያው ላይ ጽፈው ያስጠነቅቃሉ፤ ስለዚህ በስስ የዋና ልብስ ብቻ መሳፈር አይገባም። በላንጋኖ ከቀትር በኋላ ነፋስ ስለሚነሣ ሥራው በጧት ቢሆን ይመረጣል። ዋናተኞች ከሚዋኙበት ዳርቻም በቡይ የተለየ መውጫና መግቢያ ሊዘጋጅ ይገባል።

ነጋዴው በመጨረሻ ያገኘው መፍትሔ ከሁለቱ ፕሮፎርማዎች ውጭ ነበር። በአቅራቢያው ማረፊያ ያለውና ያው ጥያቄ የሚያስጨንቀው ጎረቤቱ ግማሹን እንዲያወጣ ጠየቀው፤ እርሱም ፈቀደ። የሁለቱ እንግዶች ሲደመሩ 600 ሰዓቱ በሁለት ዓመት ገደማ ይሞላል፤ እያንዳንዳቸው የሚያወጡትም ግማሹን ብቻ ስለሆነ የነጋዴው ጄነሬተርና ፓምፕ አስቀድመው ተገዙ። በሁለቱ መካከል የተጻፈው ውል አራት ገጽ ነው። ማን በየትኛው ሳምንት ይዞ ይውላል፣ የሥራው ሰዓት በማን መዝገብ ይጻፋል፣ በአንዱ እንግዳ እጅ የተሰበረውን ማን ያሠራል፣ ቆጣሪው 900 ሲሞላ መሣሪያው በስንት ይሸጣል የሚለው ሁሉ ተዘርዝሮበታል። ለነጂነት የተቀጠረው ወጣት የዚያው የሐይቁ ዳር ልጅ ሲሆን፣ ከቀለበቶቹ አንዱ ተለውጦ ሥራ እስኪጀመር ድረስ መሣሪያውን የማጠብን ተራ በባዶ ጎማ እየተለማመደ ይገኛል።